በእርግዝና ወቅት የሚተነፈስ የተበከለ አየርና የልጅ አንጎል ዕድገት፦ ጉዳቱ እስከ ልጅ ልጅ ይወረሳል?

የአቃቂዋ መምህርት፦

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ስሆን የአምስት ወር ነፍሰ ጡርም ነኝ። የምኖረው አቃቂ አካባቢ፣ ከባድ የጭነት መኪኖች ሌት ተቀን በሚመላለሱበት መንገድ ዳር ነው። ከዚህም ሌላ በግቢያችን ውስጥ እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት ማእድ ቤት አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብንገዛም መብራት በሚቆራረጥበት ጊዜ ወደ እንጨቱ መመለሳችን አልቀረም፤ እናቴም ብትሆን በእንጨት የተጋገረ እንጀራ ዐይኑ ያምራል ባይ ናት።

ሰሞኑን አንዲት ዘመዴ የላከችልኝ አጭር ጽሑፍ እንቅልፍ ነስቶኛል። ጽሑፉ እንደሚለው ነፍሰ ጡር ሴት የምትተነፍሰው የተበከለ አየር የጽንሱን አንጎል ዕድገት ያውካል፤ ጉዳቱም በዚያ ልጅ ላይ ሳይቆም እስከ ልጅ ልጅ በዘር ይተላለፋል። ጥናቱ በየትኛው አገር፣ በሰው ይሁን በአይጥ፣ በስንት ሰው ላይ እንደተካሄደ ግን አንድም ነገር አልተጻፈበትም። ሥራዬ ከቁጥር ጋር ስለሆነ፣ የሚያስፈራ አረፍተ ነገር ያለ ቁጥር ሲቀርብልኝ ከማመንም ከመተውም መካከል እንጠለጠላለሁ።

ጉዳዩ ይበልጥ ያሳሰበኝ በቤተሰባችን ታሪክ ምክንያት ነው። እናቴ የተወለደችውና ያደገችው በሰሜን ሸዋ ገጠር፣ ምድጃውም መኝታውም በአንድ ጣሪያ ሥር በሆነበት ቤት ነው። አያቴ እናቴን ያረገዘችው በሦስት ጉልቻ ላይ እየጋገረች፣ በዚያው ጢስ ውስጥ ሆና ነው። ጽሑፉ እውነት ከሆነ በሆዴ ያለው ልጅ የእኔን የመንገድ ዳር ጢስ ብቻ ሳይሆን የእናቴንና የአያቴንም ጭምር ይሸከማል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በሰዎች ላይ በእርግጥ ታይቷል? ታይቶ ከሆነስ የጉዳቱ መጠን ምን ያህል ነው? መስኩን የምታውቁ ሰዎች ብትኖሩ፣ ለማጽናናት ሳይሆን ለማስረዳት ብላችሁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ነርቭና ሕፃናት፦

እኅቴ፣ በቅድሚያ በሰላም ያገላግልዎት። በአውሮፓ በሕፃናት አንጎል ዕድገት ላይ በሚሠራ የምርምር ቡድን ውስጥ እገኛለሁ፤ የምጽፈው ግን በግሌ ነው። ወደ እርስዎ የደረሰው ጽሑፍ ጽንሱ በቀጥታ የሚደርስበትን ጉዳትና ካለፈ ትውልድ የሚመጣውን ውርስ አደባልቋቸዋል። ሁለቱ በማስረጃ ጥንካሬ እጅግ ይራራቃሉ። እኔ የተሻለ የማውቀውን የመጀመሪያውን ልጻፍ፤ ስለ ውርሱ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ እንደማይጠፋ ተስፋ አደርጋለሁ።

በሰዎች ላይ ከተካሄዱት ጥናቶች ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፍሬዴሪካ ፔሬራ መሪነት በኒው ዮርክ ያካሄዱት ነው። ጥናቱ በሰሜን ማንሃታንና በደቡብ ብሮንክስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንና የዶሚኒካን ተወላጅ እናቶችን ያካተተ ሲሆን፣ እናቶቹ በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት አየር የሚስብ መሣሪያ በጀርባ ቦርሳ ተሸክመው ለ48 ሰዓታት የዕለት ኑሯቸውን ይኖሩ ነበር። በመሣሪያው የተለካው ናፍጣ፣ የድንጋይ ከሰል፣ እንጨትና ትምባሆ በአግባቡ ሳይነዱ ሲቀሩ የሚፈጠረው ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባለው የኬሚካሎች ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤት፣ 249 ልጆች በ5 ዓመታቸው ሲፈተኑ፣ በማህፀን ሳሉ ከፍ ያለ መጠን የደረሳቸው ዝቅ ያለ ከደረሳቸው ይልቅ በአእምሮ ብቃት መለኪያው በአማካይ ከ4 ነጥብ በላይ አንሰው ተገኝተዋል። ቤቶች በድንጋይ ከሰል ይሞቁባት በነበረችው በፖላንዷ ክራኮው ከተማ በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናትም ወደዚህ የሚቀራረብ ልዩነት ታይቷል።

በሮተርዳም ደግሞ ጀነሬሽን አር በተባለው ጥናት የታቀፉ፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 10 ዓመት የሆነ 783 ልጆች አንጎላቸው በኤምአርአይ ተነሥቷል። በእርግዝና ጊዜ እናትየው በምትኖርበት ቤት አካባቢ የነበረው ጥቃቅን ብናኝ ከፍ ባለ ቁጥር፣ የልጁ የአንጎል ቅርፊት በአንዳንድ ቦታዎች ቀጥኖ ተገኝቷል፤ ይህም ልጁ ፈጥኖ ከመመለስ ራሱን ለመግታት ካለው ችሎታ መቀነስ ጋር ተያይዟል። እኔን በግሌ የሚያስደንቀኝ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቤቶች የሚገኙት በጊዜው ከነበረው የአውሮፓ ኅብረት ገደብ በታች በሆነ አየር ውስጥ መሆኑ ነው። ገደቡ በኪዩቢክ ሜትር አየር 25 ማይክሮግራም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚሁ ብናኞች (ፒኤም 2.5 ለሚባሉት) ያወጣውን ዓመታዊ መጠን በ2021 ከ10 ወደ 5 ዝቅ አድርጎታል። የአዲስ አበባ አየር ከዚህ መጠን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ጢስ መውጫ በሌለው ማእድ ቤት ውስጥ እሳት ሲነድ ደግሞ መጠኑ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ይሆናል።

ጢሱ ወደ ጽንሱ እንዴት ይደርሳል የሚለው ለብዙ ጊዜ ክፍት ጥያቄ ነበር። በቤልጅየም የሃሴልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 የጥላሸት ቅንጣቶችን በእንግዴ ልጅ ውስጥ፣ ያውም በጽንሱ በኩል ባለው ገጽ ላይ አገኙ። በ2022 በስኮትላንድ ከተገኙ ናሙናዎች ጋር በተሠራው ሥራ ደግሞ ቅንጣቶቹ በጽንሶች ጉበት፣ ሳንባና አንጎል ውስጥ ሳይቀር ታይተዋል። ይሁንና ጉዳት ለማድረስ ቅንጣቱ ራሱ አንጎል ድረስ መሄድ የለበትም። በእናትየው ሳንባ ውስጥ የሚቀሰቀሰው ብግነት በደሟ በኩል መልእክቱን ያስተላልፋል። በጽንሱ አንጎል ውስጥ የመከላከል ሥራ ያላቸው ማይክሮግሊያ የተባሉ ህዋሶች አሉ፤ እነዚህ ህዋሶች በዕድገት ጊዜ በነርቮች መካከል ያሉትን አላስፈላጊ መገናኛዎች የማስወገድም ኃላፊነት ስላለባቸው፣ ያለ ጊዜያቸው ሲቆጡ ሥራቸውን ያዛባሉ። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ይህ በተደጋጋሚ የታየ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹ ግልገሎች ሲጎዱ ይስተዋላል። ሦስተኛው መንገድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ የጽንስ ደም ይህን ጋዝ ከእናቱ ደም ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ እናትየው ራስ ምታት ብቻ በሚሰማት መጠን ጽንሱ ኦክስጅን ሊያጥረው ይችላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። በቻይና ቾንግቺንግ ግዛት ቶንግሊያንግ በተባለ ስፍራ የነበረ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ2004 ተዘጋ። ተመራማሪዎች ከመዘጋቱ በፊት በ2002 የተወለዱትንና ከተዘጋ በኋላ በ2005 የተወለዱትን ሕፃናት አነጻጸሩ። በእትብት ደም ውስጥ ከዲኤንኤ ጋር የተጣበቀው የጢስ ኬሚካል ቀነሰ፤ ለነርቭ ህዋሶች ዕድገት የሚያስፈልገው ቢዲኤንኤፍ የተባለው ፕሮቲን ከፍ አለ፤ በመጀመሪያው ቡድን በጢሱ መጠንና በ2 ዓመት ዕድሜ በተለካው የዕድገት ደረጃ መካከል ይታይ የነበረው ግንኙነትም በሁለተኛው ቡድን አልታየም። ከተማውም ሕዝቡም አንድ ነው፤ የተለወጠው በዋናነት ጢሱ ነው።

ቁጥር ይናገር፦

የቀደመው ጸሐፊ ጥንቁቅ ነው፤ ቢሆንም መምህርቷ ማጽናኛ ሳይሆን ማስረጃ ስለጠየቁ የሚዛኑን ሌላ ጎን ማየት ተገቢ ይመስለኛል። ሥራዬ የጤና መረጃ ትንተና ነው።

የተጠቀሱት የሰው ጥናቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ምልከታዎች ናቸው። በጢስ ውስጥ የሚኖር ሰው ብዙውን ጊዜ ገቢው አነስተኛ ነው፣ ጫጫታው ይበዛበታል፣ ምግቡ ይጎድላል፣ ጭንቀቱም ከባድ ነው፤ ተመራማሪዎች እነዚህን በስሌት ለማስወገድ ቢጥሩም ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አይቻልም። የኒው ዮርኩ ቡድን ራሱ በኋላ ባወጣው ሥራ የብክለቱ ጉዳት ጎልቶ የታየው በእርግዝና ጊዜ መሠረታዊ ፍላጎታቸውን ማሟላት ባልቻሉ እናቶች ልጆች ላይ መሆኑን ዘግቧል። የቶንግሊያንጉም ቢሆን፣ በ2002 እና በ2005 መካከል በቻይና ከጢሱ ሌላ ብዙ ነገር ተለውጧል። በጓቲማላ ደጋማ አካባቢ የእንጨት ጢስ ላይ የተሠራውና ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጥናት ደግሞ ያካተተው 39 ልጆችን ብቻ ነው።

ኦቲዝምን ብንወስድ መልሱ ከአገር አገር ይለያያል። በካሊፎርኒያ በ2013 የታተመ ጥናት በእርግዝና ጊዜ ለትራፊክ ጢስ መጋለጥን ከኦቲዝም ጋር አያይዞታል። በስዊድን፣ በኔዘርላንድ፣ በጣልያንና በስፔን ከ8,000 በላይ ልጆችን አንድ ላይ ያየው የ2016ቱ ጥናት ግን ከኦቲዝም ጠባያት ጋር ግንኙነት አላገኘም። ለመምህርቷ የተላከላቸውን ዓይነት ጽሑፎች የሚያዘጋጁ ሰዎች የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አይጠቅሱም።

4 ነጥብ የሚለውም የቡድን አማካይ ነው። ከአንድ ልጅ ላይ 4 ነጥብ ተቀነሰ ማለት አይደለም። ያው ልጅ ራሱ በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ቢፈተን ከዚህ የማይተናነስ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። አማካይ ለከተማ አስተዳደርና ለጤና ሚኒስቴር ትልቅ ነገር ይነግራቸዋል፤ በአንድ ማህፀን ውስጥ ስላለ አንድ ልጅ የሚናገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። እውነተኛው መልስ እናቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ አየሩን በማጽዳት የሚገኘው ነው።

ነርቭና ሕፃናት፦

ወንድሜ፣ በዕጣ የተመደበ ጥናት አለ፤ የተካሄደውም በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር ነው። ክረምቷ እጅግ የከፋ፣ በዳርቻዋ ያሉት ሰፈሮች በድንጋይ ከሰል ምድጃ የሚሞቁባት ከተማ ናት፤ ጥሬ የድንጋይ ከሰል ማንደድ የተከለከለው በ2019 ነው። ከዚያ በፊት 540 ነፍሰ ጡሮች በዕጣ ተከፍለው ለግማሾቹ ሄፓ የተባለ ማጣሪያ ያለው የአየር ማጽጃ ከእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወራት እስከ መውለጃቸው ተሰጣቸው። በቤት ውስጥ ያለው ብናኝ በ29 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ልጆቹ 4 ዓመት ሲሆናቸው ማጽጃ ያገኙት እናቶች ልጆች በአእምሮ ብቃት መለኪያው በአማካይ 2.5 ነጥብ በልጠው ተገኙ። የስሕተት ወሰኑ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሚጀምርና እስከ 5.4 ስለሚደርስ በእርግጠኝነት ተረጋግጧል አንልም፤ ነገር ግን አቅጣጫው ምልከታዎቹ ከሚያሳዩት ጋር አንድ ነው፣ መጠኑም ቢሆን ሩቅ አይደለም።

ሚዛናዊ ለመሆን ተቃራኒ የሚመስለውንም ላንሣ። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3,200 ነፍሰ ጡሮችን ያካተተው ሙከራ ለግማሾቹ የጋዝ ምድጃና ነዳጁን በነጻ ሰጥቶ፣ እናቶቹ የሚተነፍሱትን ብናኝ ከ70 ገደማ ወደ 24 ማይክሮግራም አውርዶታል። እንዲያም ሆኖ በ2022 በታተመው ውጤት በሕፃናቱ የልደት ክብደት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ክብደት አንጎል አይደለም፤ ሆኖም ምድጃ በመቀየር ብቻ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ብለን እንዳንቸኩል ያደርገናል።

የባዮሎጂ መምህር፦

ስለ ውርሱ እኔ ልሞክር። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ዘረመል ሳስተምር በየዓመቱ የሚያከራክረን ጉዳይ ስለሆነ ብዙ አንብቤበታለሁ።

ጢስ የዘረመልን ፊደል አይለውጥም እንበል። በዲኤንኤ ላይ የሚቀመጡና የትኛው ዘረመል መቼ እንደሚሠራ የሚቆጣጠሩ ኬሚካላዊ ምልክቶች ግን አሉ፤ ይህን የሚያጠናው ዘርፍ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። በእርግዝና ጊዜ እናቶቻቸው ለተበከለ አየር የተጋለጡ ሕፃናት በእትብት ደማቸው ውስጥ ከእነዚህ ምልክቶች አንዳንዶቹ ተለውጠው እንደሚገኙ በብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። እስከዚህ ድረስ ጠንካራ ነው፤ ውርስ ግን አይደለም። ልጁ ራሱ በማህፀን ሳለ የደረሰበት ነገር ነው።

መምህርት፣ የሚገርመው የእርስዎ ቤተሰብ ታሪክ ጥያቄውን በትክክል ያስቀምጠዋል። ሴት ልጅ በሕይወቷ የሚኖሯት እንቁላሎች ሁሉ የሚፈጠሩት እሷ ራሷ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው። ስለዚህ አያትዎ እናትዎን አርግዘው ምድጃው ዳር ሲቀመጡ፣ እርስዎ የተገኙባት እንቁላል በዚያች ጽንስ ውስጥ እየተሠራች ነበር። አያትዎ፣ እናትዎና የእርስዎ ግማሽ በአንድ ጊዜ በአንድ ጢስ ውስጥ ነበራችሁ ማለት ነው። በእርስዎ ላይ አንዳች ነገር ቢገኝ እንኳ በቀጥታ መጋለጥ ሊሆን ስለሚችል በጥብቅ ትርጉሙ ውርስ ተብሎ አይቆጠርም። ከዚያ ጢስ አንጻር ፈጽሞ ያልተነካው የመጀመሪያው ትውልድ አሁን በሆድዎ ያለው ልጅ ነው። ሳይንቲስቶች እውነተኛ ውርስ ነው ለማለት የሚጠይቁት እዚህ ትውልድ ላይ የሚታይ ለውጥን ነው።

በአይጦች ላይ እስከዚህ ትውልድ ተሂዷል። የናፍጣ ጥላሸት ወይም ከከተማ አየር የተሰበሰበ ብናኝ ለእርጉዝ አይጦች ተሰጥቶ፣ ለአስም የመጋለጥ ዝንባሌ እስከ ሦስተኛው ትውልድ መዝለቁን በ2017 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ይህ ግን የሳንባ እንጂ የአንጎል ጉዳይ አይደለም፤ አይጥም በጥቂት ወራት ውስጥ ትውልድ የምትተካ እንስሳ ናት። በሰው ልጅ ላይ በጣም የሚቀርበው በእንግሊዝ ብሪስቶል አካባቢ በ1991 እና በ1992 የተወለዱ ልጆችን የተከታተለው ትልቅ ጥናት ያገኘው ነው፤ የእናታቸው እናት በእርግዝና ጊዜ ታጨስ የነበረ ልጆች፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ከኦቲዝም ጋር የሚያያዙ ጠባያትን በተወሰነ ደረጃ በብዛት አሳይተዋል። ልብ ይበሉ፤ የተጠናው ሲጋራ ነው እንጂ የመንገድ ወይም የእንጨት ጢስ አይደለም። ከዚያም በላይ የልጅ ልጅ የሚለው እዚህ በእርስዎ ቦታ ያለው ሰው ነው፣ እንቁላል ሆኖ የተጋለጠው። ውርስ ተብሎ በየገጹ የሚጻፈው አብዛኛው እዚህ ላይ ይቆማል።

እንዲያውም አካሉ ራሱ ምልክቶቹን የሚያጠፋበት ሥርዓት አለው። የዘር ህዋሶች ሲፈጠሩ አንድ ጊዜ፣ ከፅንሰት በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኞቹ ተጠርገው እንደ አዲስ ይጻፋሉ። ጥቂቶች ያመልጣሉ፤ ክርክሩ ያለው በእነዚያ ጥቂቶች ላይ ነው።

በእኔ እይታ ግን እነዚህ ሁሉ ጥናቶች ለመለየት የሚቸገሩት አንድ ሌላ ውርስ አለ፦ ምድጃው ራሱ፣ ቤቱ፣ ማገዶውና ድህነቱ። በኢትዮጵያ ከአሥር ቤተሰቦች ዘጠኙ ያህሉ ዛሬም የሚያበስሉት በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። አያት፣ እናትና ልጅ በተመሳሳይ ጢስ ውስጥ ሲያድጉ፣ ሦስቱም ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ቢታይ በዲኤንኤ በኩል መጣ ለማለት ምንም አያስገድድም፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ተጋልጠዋልና። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ በዲኤንኤ የመጣ ነገር በእጃችን አይደለም፣ ማእድ ቤቱ ግን ነው።

የአቃቂዋ መምህርት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ልጄ ከአያቴ ጢስ አንጻር ያልተነካ የመጀመሪያው ትውልድ ነው የተባለው ነገሩን ፈጽሞ በሌላ ዐይን እንዳየው አድርጎኛል። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። አምስት ወር ካለፈ በኋላ መጠንቀቅ ትርጉም አለው፣ ወይስ ዋናው ጊዜ አልፏል? ደግሞስ በቤታችን በየቀኑ የሚፈላው ቡና ከነከሰሉና ከነእጣኑ ከዚህ ጉዳይ ጋር ይቆጠራል?

ጤና መኮንን፦

በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ በእናቶች ክትትል ክፍል የምሠራ ነኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ፤ ጊዜው አላለፈም። የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው በመጀመሪያው ወር ቢሆንም፣ አንጎል በፍጥነት የሚያድገው፣ የነርቭ መገናኛዎች የሚበዙትና በነጩ የአንጎል ክፍል ያሉት የነርቭ ክሮች በስብ መሸፈን የሚጀምሩት በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ከወሊድ በኋላም ለዓመታት ይቀጥላል። ከላይ የተጠቀሰው የኒው ዮርክ ጥናት የለካው የመጨረሻዎቹን ወራት አየር መሆኑንም ያስታውሱ።

ቡናው ይቆጠራል። ከሰል ጢሱ ስለማይታይ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ስለዚህ ከሰሉ ከቤት ውጭ ሙሉ በሙሉ እስኪቀላ ድረስ ይቀጣጠል፤ ከተቻለም ቡናው በረንዳ ላይ ወይም በኤሌክትሪክ ይፈላ። ከሰል ባለበት ክፍል በርና መስኮት ተዘግቶ መተኛት ለማንም አይፈቀድም፤ በየዓመቱ በክረምት ቤተሰብ የሚያልቅበት ጉዳይ ነው። እጣን ሲጤስ ብናኝ ያወጣል፤ ቀርቶ ይቅር አልልም፣ ነገር ግን በአነስተኛ መጠን፣ መስኮት ተከፍቶ፣ እርስዎ ከጢሱ ራቅ ብለው ቢሆን ይሻላል። ከዘይት ጋር የተነካካ ጨርቅና ፌስታል እሳት ለማቀጣጠል የሚጠቀሙ ቤቶች አሉ፤ ይህ ከሁሉም የባሰ ነው።

ስለ እንጀራው፣ ዋናው መጋለጥ የሚደርሰው ምጣዱ ፊት ለፊት ለረጅም ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ነው። እናትዎ የሚጋግሩ ከሆነ እርስዎ በዚያን ሰዓት ከማእድ ቤቱ ይራቁ፤ የእናትዎም ሳንባ ግን የሚያሳስብ መሆኑን አይርሱ። ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጢሱንም ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ከደረቁ እጅግ የበለጠ ያጨሳል። መብራት ባለበት ቀን የሁለት ሦስት ቀኑን በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሮ ማስቀመጥ ብዙ ቤቶች የሚያደርጉት ነገር ነው።

ከመንገዱ በኩል፣ በበጋ ወራት ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ጢሱ ከመሬት ሳይነሣ እስከ ረፋዱ ይቆያል፤ በማለዳ የትራፊክ ሰዓት ላይ በመንገዱ በኩል ያሉትን መስኮቶች መዝጋትና እኩለ ቀን ላይ ማናፈስ ይረዳል። የጨርቅ ጭንብል ለእነዚህ ጥቃቅን ብናኞች እምብዛም አይጠቅምም፤ ኤን 95 የሚባለው ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ያጣራል፣ ሲያደርጉት ከከበደዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ያውልቁት። በክትትልዎ የሚሰጠውን የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል አያቋርጡ፤ የደም ማነስ ባለበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨመር ጽንሱ የሚያገኘው ኦክስጅን ይበልጥ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አራስ ቤቱ ነው። ወልደው ወደ ቤት ሲመለሱ ለገንፎውና ለአጥሚቱ እሳት ሲነድ ይውላል፤ ጠያቂው በበዛ ቁጥር ቡናውና እጣኑም ይበዛል፤ በአንዳንድ አካባቢ አራስዋ በወይባ ጢስ ትታጠናለች። ሕፃኑ በዚያው ክፍል ተኝቶ ከሆነ በማህፀን ከደረሰው የማያንስ ጢስ በራሱ ሳንባ ይተነፍሳል። ከአሁኑ ከእናትዎ ጋር ተነጋግረው ለአራስ ቤት ከማእድ ቤቱ የራቀውን ክፍል ቢመርጡ መልካም ነው።

ቁጥር ይናገር፦

በጤና መኮንኗ ምክር ላይ የምከራከረው ነገር የለኝም። የኡላንባታሩን ጥናት አንብበው የአየር ማጽጃ ለመግዛት ለሚያስቡ ግን አንድ ማሳሰቢያ ላክል። በጥናቱ ያገለገለው ሄፓ ማጣሪያ ያለው መሣሪያ ነው። አየርን በኦዞን እናጸዳለን እየተባለ የሚሸጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ኦዞን ራሱ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ስለሆነ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሊገቡ አይገባም። መስኮቱና በሩ ሲከፈት በሚውል ቤት ውስጥ፣ ወይም መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ፣ ጥሩው መሣሪያም ቢሆን የሚሰጠው ጥቅም በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ለማእድ ቤቱ ከጣሪያ በላይ የሚያልፍና ከመኝታ ክፍሉ መስኮት ራቅ ብሎ የሚወጣ የጢስ ማውጫ ማሠራቱን አስቀድሜ እመርጣለሁ።